የአራት ሴንቲሜትር ጭረት

ሚስቱ ክንዱን በመስኮቱ ብርሃን ላይ ዘርግታ፣ እሱ በሥራ ቦታው የቆዳ እንከን የሚፈልግበትን ማጉያ መነጽር አንድ ዓይኗ ላይ ደቅና፣ ቁስሉን ትፈልጋለች።

"የታለ?"

"እዚያው ነው። ከክርኔ ወረድ በይ።"

"ወረድኩ። ይሄ ነው?"

"እሱ የትንኝ ነው።"

"ይሄስ?"

"እሱ ደም ሥር ነው። አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽን መታየት አለብሽ።"

መነጽሩን ከዳቦውና ከሻይ ብርጭቆዎቹ መሀል አስቀምጣ በረጅሙ ተነፈሰች። ትንፋሹ የእፎይታ ነበር። ከሦስት ወር በፊት ሐኪሙ "አራት ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ጭረት" ብሎ የጻፈበት ቦታ አሁን ከፀጉር የማይወፍር ነጣ ያለ መስመር ሆኗል፤ እሱም ፈልገው ካላገኙት የሚታይ አይደለም። ሦስት ወር ሙሉ የባሏ ቁስል ትንሽ እንዲሆን የምትጸልይ ሚስት ከእሷ በቀር ትኖር እንደሆነ አታውቅም። ዛሬ በአራት ሰዓት ታናሽ ወንድሟ ባሏን በማቁሰል ተከሶ ችሎት ይቆማል። ተከላካይ ጠበቃው ነገሩን በፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሞ አስረድቷት ነበር። ፍርድ ቤቱ "ይሄ ቁስል ነው" ካለ ነገሩ የመንግሥት ይሆናል፣ ቢታረቁም አይቀርም፣ ቅጣቱም ከአንድ ዓመት እስር አያንስም። "ቁስል አይደለም" ካለ ግን የእጅ እልፊት፣ ማለትም ሳያቆስሉ መምታት ነው፤ ተበዳዩ "ትቼዋለሁ" ሲል ያልቃል።

ተበዳዩ ሻዩን ይጠጣል። ቆዳ ቆራጭ ነው። ለቦርሳና ለቀበቶ ሠሪዎች ቆዳ ሲቆርጥ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ሰፈርተኛው ሁሉ "ጋሽ ሚሊ" የሚለው፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ለተሳሳተ ቁራጭ ከገዛ ወንድሙ ጋር ስለሚጣላ ነው። አንድ ቆዳ ፊቱ ላይ እንከን ካለው "አለው" ይላል፣ ከሌለው "የለውም" ይላል። ነጋዴ ከነጋዴ ሲጣላ ቆዳውን ተሸክመው እሱ ጋ የሚመጡት ለዚህ ነው። ዛሬ ጠዋት ግን ያ ስም ከብዶታል። ስለ ራሱ ቆዳ ፖሊስ ጣቢያ የተናገረው ቃል በወረቀት ላይ አለ፤ ቃሉም እንዲህ ይላል፦ "ቆዳዬን ከዳር እስከ ዳር ቀዶታል።"

ጠቡ የተነሳው በቢላ ነበር። የሚስቱ ወንድም ቤት ቀቢ ነው። በዚያው ግቢ፣ ከኋላ ባለችው አንዲት ክፍል ይኖራል። እያፏጨ ይነሳል፣ እያፏጨ ይተኛል። አንድ እሑድ የነጭ ቀለም ቆርቆሮ መክፈቻ አጣና የጋሽ ሚሊን የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው መቁረጫ ቢላ ከመደርደሪያ አንስቶ ክዳኑን ፈለቀቀበት። ጋሽ ሚሊ ያንን ቢላ በማንም አያስነካም፤ የሚስለውም ራሱ ነው፣ የሚያስቀምጠውም በጨርቅ ጠቅልሎ ነው። ከቤት ብቅ ሲል ስለቱ ቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ሲንቋቋ አየ። ጮኸ። ቀቢውም ጮኸ። ቀጥሎ የሆነውን ጎረቤቱ ሁሉ በየራሱ ያወራዋል፤ ሁሉም የሚስማማበት ግን ቀቢው ክዳኑን እንደ ሳህን አሽከርክሮ መወርወሩንና ክዳኑ የጋሽ ሚሊን ክንድ ጭሮ ማለፉን ነው። ደም ወጣ፤ እንደ ላብ ጠብ ጠብ ያለ፣ በመሐረብ የሚጠረግ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አላየም። ጋሽ ሚሊ በርጩማ አንስቶ ቀቢውን ወደ ጓሮ አባረረው፤ ከተገለበጠው ቆርቆሮ የፈሰሰውን ቀለም ረግጦ አዳለጠው፤ በትከሻው መሬት ላይ አረፈ። ቀቢው በዚያን ጊዜ አጥር ዘሎ ወጥቶ ነበር።

ፖሊስ ጣቢያ የሄደው በዚያው ንዴት ነው። እዚያም ቆዳ ቆራጭ ብቻ የሚሠራውን ስህተት ሠራ። ሌላ ሰው ቢሆን መጀመሪያ "ትከሻዬን" ይል ነበር። እሱ ግን እጅጌውን ሰብስቦ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ ቆዳው ብቻ ተናገረ፤ ስለ ፊቱ፣ ስለ ውስጡ፣ ስለ አቀዳደዱ። መርማሪው ይጽፍለት ነበር። ለጋሽ ሚሊ ትከሻ ዕቃ መሸከሚያ እንጂ ራሱ ዕቃ አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ቀኝ እጁን ማንሳት ሲያቅተው ሚስቱ ሐኪም ቤት ወሰደችው፤ በራጅ ሲታይ የአንገቱ ሥር አጥንት ተሰብሯል። ነርሷ "እንዴት ሆኖ ነው?" አለችው። ሚስቱ አጠገቡ ቆማለች። አምሳ ዓመት ያለፈው ሰው በርጩማ ይዞ ሲሮጥ ቀለም አዳለጠኝ ማለት ከበደውና "ገፍቶኝ ወደቅኩ" አለ። ነርሷ ጻፈችው። ካርዱ መዝገቡ ውስጥ ገባ። እሱም ሦስት ወር ሙሉ ከውሸቱ ጋር ኖረ።

እነዚያ ሦስት ወራት በግቢው ውስጥ ዝምታ ነበሩ። ሁለቱ ሰዎች ቧንቧው ጋ ሲገናኙ አንዱ ባልዲውን ጥሎ ይመለሳል። ሴትየዋ ለወንድሟ ምግብ የምትወስደው ባሏ ሥራ ሲሄድ ነው፤ ባሏም ይህን ያውቃል፣ ግን ሳህን ሲጎድል እንኳ አይጠይቅም። ኳስ ያለ ቀን ብቻ ዝምታው ይሰበር ነበር። በግድግዳው ወዲህና ወዲያ፣ በሁለት ቴሌቪዥን አንድ ጨዋታ ያያሉ፤ ጎል ሲገባ ሁለቱም በአንድ ድምፅ ይጮሃሉ፤ ወዲያው ደግሞ ሁለቱም እንደ ሌባ ጸጥ ይላሉ።

ፍርድ ቤቱ አራት ፎቅ ያለው፣ ደረጃው በሰው እግር የተቦረቦረ ሕንፃ ነው። ምድር ቤቱ ላይ ኮፒ የምታነሳው ሴትዮ በራፍ ላይ ሰልፍ አለ፤ ለአንድ ገጽ የምታስከፍለው ውጭ ካለው ሁለት እጥፍ ነው። ሲነጫነጩባት "እዚህ ድረስ የመጣ ሰው መቼም አይመለስም" ብላ ትስቃለች። ሦስተኛ ፎቅ ኮሪደሩ ላይ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ። ቀቢው አንደኛው ጫፍ ላይ፣ ያለችውን አንዲት ኮት ለብሶ ተቀምጧል። እጁን ፈትጎ ታጥቧል፤ የአውራ ጣቱ ጥፍር ላይ ግን ሰማያዊ ቀለም ቀርቷል። ጋሽ ሚሊ ሌላው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ሚስቱ ጥቂት ቆማ አየቻቸውና ልክ መሀል ላይ፣ በሁለቱም በኩል እኩል ቦታ ትታ ተቀመጠች።

"እትዬ፣" አለ ቀቢው ቀስ ብሎ፣ "ቁርስ በልታችኋል?"

"በልተናል። አንተስ?"

"ሻይ ጠጥቻለሁ። ጋሼ... ጋሼ በልተዋል ወይ?"

"በልተናል አልኩህ እኮ። እሱ ሌላ ቤት ይኖራል እንዴ?"

ጋሽ ሚሊ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የቀጠሮ ዝርዝር ያነብ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበበው።

ችሎቱ ጠባብ ክፍል ነው። ዳኛዋ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ያደረጉ፣ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ያለ ሴት ናቸው። ዐቃቤ ሕጉ የክሱን ወረቀት አነበበ፤ ድምፁ ከክፍሉ ይበልጥ ነበር። ተከሳሹ የግል ተበዳዩን በቆርቆሮ ክዳን ክንዱ ላይ አቁስሎታል፤ ደም ፈሷል፤ በተጨማሪም ገፍቶ ጥሎ አጥንቱን ሰብሮታል። ጠበቃው ተነስቶ ጭረት ቁስል አይደለም አለ። ዐቃቤ ሕጉ ደም ከወጣ ቁስል ነው አለ። ዳኛዋ ሁለቱንም በእጃቸው ምልክት አስቀመጧቸው።

"ደም መለኪያ አይደለም፣" አሉ። "ነስርም ደም ነው። በዚህ አንቀጽ ቁስል የሚባለው ቆዳ በሁሉም ሽፋኑ፣ ከላይ እስከ ታች ሲከፈት ነው፤ ከዚህ በፊት በተሰጡ ፍርዶችም የተያዘው ይኸው ነው። የላይኛው ስስ ሽፋን ብቻ ከተላጠ ጭረት ነው። ደሙ ከሥር ቋጥሮ ከጠቆረ ሰንበር ነው። አጥንት ተሰብሮ ቆዳው ካልተከፈተ ስብራት ነው። ስብራት ከጭረት የከፋ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቁስል ግን አይደለም።"

ከኋላ የራሳቸውን ጉዳይ የሚጠብቁ አንዲት አሮጊት አጠገባቸው የተቀመጠውን ሰው ጎነጥ አድርገው፣ "እንዲያ ከሆነማ መርፌ የወጋችኝ ነርስ አቁስላኛለች፣ ደረጃ ላይ የገፈተረኝ ባለቤቴ ግን ነፃ ነው በለኛ!" አሉ። ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስሏቸው ነበር። ዳኛዋ ከመነጽራቸው በላይ አዩአቸውና ፈገግታቸውን በወረቀት ሸፈኑ።

ጋሽ ሚሊ ተጠርቶ ማለ። ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ሥራውን ተናገረ። ዳኛዋ "ቆዳ ቆራጭ" ሲል ቀና አሉ።

"እንግዲህ ከእኛ እርስዎ ይሻላሉ፣" አሉት። "ፖሊስ ጣቢያ 'ከዳር እስከ ዳር ቀዶታል' ብለዋል። የሐኪሙ ወረቀት ጭረት ይላል፤ አልተሰፋም ይላል። ቆዳዎ እስከ የት ድረስ ነበር የተከፈተው?"

ጋሽ ሚሊ ቀቢውን አላየውም፤ ሚስቱንም አላያትም። እጅጌውን ሰብስቦ ክንዱን ተመለከተ። ይህን ጥያቄ በሥራው በሺህ ለሚቆጠር ቆዳ መልሷል። መልሱን ሁልጊዜ የሚናገረው ቆዳውን ላመጣው ሰው ፊት ለፊት ነው፤ ሰውየው ይደሰት ይዘን ጉዳዩ አልነበረም። አሁን ግን ቆዳውም እሱ ነው፣ ባለ ቆዳውም እሱ ነው፣ ዋሽቶ ያመጣውም እሱ ነው።

"ቆዳ ፊት አለው፣ ውስጥ አለው፣" አለ። "ፊቱ ስስ ነው፤ ቶሎ ይጫራል። የተቀደደ የሚባለው ውስጡ ድረስ ዘልቆ አፉን ሲከፍት ነው። ይሄ አፍ አልነበረውም። ይህን ቆዳ ሰው ይዞልኝ ቢመጣ ሰም ቀብቼ እመልስለታለሁ እንጂ መርፌና ክር አላነሳበትም።"

"ታዲያ ለምን ተቀደደ አሉ?"

"ተናድጄ ነበር። ሌላ ነጋዴ እንዲህ ብሎ ቢያመጣልኝ ከሱቄ አስወጣዋለሁ።"

ጸሐፊዋ ጻፈች። ጠበቃው ቀቢውን ጉልበቱ ላይ ቸብ አደረገው። ዐቃቤ ሕጉ ግን ተነሳ።

"እሺ፣ ቆዳው ይቅር፣" አለ። "አጥንቱስ? ክቡር ፍርድ ቤት፣ ስብራቱ ቁስል ካልሆነ ከባድ የአካል ጉዳት ብለን ክሱን እናሻሽላለን፤ ቅጣቱም ከፍ ይላል። ምስክሩ ተከሳሹ እንዴት ገፍቶ እንደጣላቸው ይንገሩን።"

ጋሽ ሚሊ ለቆዳው የሚናገረውን ሌሊቱን ሙሉ አሰናድቶ ነበር። ስለ አጥንቱ ማንም እሱን የሚጠይቀው አልመሰለውም ነበር፤ ሰዎች ስለ ቆዳ ይከራከራሉ፣ እሱም ስለ ቆዳ ይመልሳል፣ ከዚያ ወደ ሥራው ይሄዳል ብሎ ነበር ያሰበው። ቀቢው አንገቱን ደፍቶ ጥፍሩን ይፍቃል። እሱ እንኳ እውነቱን በደንብ አያውቅም፤ አጥር ሲዘል ከኋላው አንድ ነገር ሲወድቅ ሰምቷል እንጂ አላየም። "አልገፋሁም" ብሎ ቃሉን ሰጥቷል፤ ያመነው ግን የለም። ስለዚህ ጋሽ ሚሊ እንደሚያስበው በዚህ ክፍል ውስጥ የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እጅጌውን መልሶ መቆለፍ አቅቶት ቁልፉን ይነካካል።

"አልገፋኝም፣" አለ።

"ምን አሉ?"

"አልገፋኝም ነው የምለው። እኔ ነኝ ያባረርኩት። በርጩማ ይዤ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "ቀለም ፈሶ ነበር። አዳለጠኝ። እሱ በዚያን ጊዜ አጥር ላይ ነበር።"

የአሮጊቷ ሳቅ ቀድሞ አመለጠ፤ ከዚያ የሌሎቹም። ዳኛዋ በእስክሪብቶ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረጉ።

"ሐኪም ቤት 'ገፍቶኝ' ብለው የለም?"

"ብያለሁ።"

"ለምን?"

"ባለቤቴ አጠገቤ ነበረች።"

ይህን ሲል ክፍሉ ውስጥ ያሉት ወንዶች በሙሉ፣ ዐቃቤ ሕጉ ጭምር፣ እንደ ገባቸው ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። ዐቃቤ ሕጉ የመጨረሻ ሙከራ አደረገ፤ "ቢሆንም ያዳለጠዎት ቀለም የተከሳሹ ነው!" አለ።

"ቀለሙ የእሱ ነው፣" አለ ጋሽ ሚሊ። "እግሩ ግን የእኔ ነው።"

ዳኛዋ አልሳቁም። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ሐሰተኛ ቃል በመዝገብ ላይ ማስፈር ራሱን የቻለ ወንጀል መሆኑን፣ አንድ ሰው በዚህ ቃል ምክንያት ዓመታት ሊታሰር እንደነበረ፣ እውነቱን በጊዜው በራሱ አንደበት ባያርም ኖሮ ከዚህ ክፍል በሌላ በር ይወጣ እንደነበር ቀስ ብለው ነገሩት። እያንዳንዱ ቃል በቦታው ገባ። ጋሽ ሚሊ ፊቱ እስከ ጆሮው ቀላ፤ በዚህ ዕድሜው ቆሞ ሲገሠጽ የመጀመሪያው ነበር። ከዚያ ዳኛዋ ውሳኔውን አነበቡ። ቁስል የለም። ስብራቱ ከተከሳሹ ድርጊት ጋር አይገናኝም። የቀረው ክዳን መወርወሩ ነው፤ እሱም የእጅ እልፊት ነው።

"የግል ተበዳይ፣ ክሱ እንዲቀጥል ይፈልጋሉ ወይስ ይተዋሉ?"

ጋሽ ሚሊ አሰበ። ሰዉ ሁሉ ወዲያው "ትቼዋለሁ" ይላል ብሎ ሲጠብቅ እሱ ያስባል።

"ቢላዬን ሁለተኛ እንዳይነካ ይጻፍልኝ፤ ከዚያ እተዋለሁ።"

"ፍርድ ቤት በቢላ ላይ ትእዛዝ አይጽፍም። እቤታችሁ ተስማሙ።"

"አልነካም ጋሼ!" አለ ቀቢው ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። "በእናቴ፣ ባየሁት መንገድ አላልፍም!"

"ተከሳሽ፣ ይቀመጡ።"

"እሺ ክብርት ዳኛ። ግን አልነካም።"

"ትቼዋለሁ፣" አለ ጋሽ ሚሊ።

ሦስቱም ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ጠበቃው ጨብጧቸው ወደ ሌላ ችሎት ሮጠ። ጋሽ ሚሊ ሚስቱን በጎን አየት አደረጋት፤ ያልተናገረችው ነገር ከዳኛዋ ተግሣጽ ይበልጥ ያስፈራው ነበር።

"እንግዲህ... ያልነገርኩሽ..." ብሎ ጀመረ።

"የቱን? መውደቅህን?" አለች ቦርሳዋን እያነገተች። "የዚያን ቀን ሱሪህን ማን ያጠበው ይመስልሃል? ነጭ ቀለም ከመቀመጫህ እስከ ቁርጭምጭሚትህ! የተገፋ ሰው እንዲህ ተንሸራቶ አይወድቅም። ሁለት ቀን ነው የፈተግኩት።"

"ታውቂ ነበር?"

"እህ።"

"ታዲያ ሦስት ወር ሙሉ ለምን ዝም አልሽ?"

"ብናገርማ እኔ አናገርኩህ ማለት ነው። ወንድሜ ስለሆነ ሚስቱ አስዋሸችው ይሉ ነበር። አንተም ትል ነበር። አንተው እንድትለው ነበር የምፈልገው።" ትንሽ ቆይታ ጨመረች፤ "ዛሬም ባትለው ግን፣ ምስክር ሆኜ እቆም ነበር። ሱሪው እዚህ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ቀለሙ አሁንም አለቀቀም።"

ቀቢው መጀመሪያ በአፍንጫው፣ ቀጥሎ በሆዱ ሳቀ፤ ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። ጋሽ ሚሊ በቁጣ ዞረበት፤ ቁጣው ግን መሀል መንገድ ላይ አለቀበትና እሱም ሳቀ። ሲስቅ ትከሻውን አመመውና ያዘው።

"በጣም ያምዎታል እንዴ ጋሼ?"

"ስስቅ ብቻ ነው።"

"ይቅርታ ጋሼ። ለክዳኑ ማለቴ ነው። ለቢላውም።"

"ለቢላው ሌላ ቀን እንነጋገራለን።"

ሚኒባሱ የሞላ ነበር፤ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ነው" እያለ ለሦስት በተሠራው ወንበር ላይ አራተኛ ይደርባል። ሴትየዋ ከፊት ለፊታቸው ባለው ወንበር ቦታ አገኘች። ጋሽ ሚሊ የመስኮቱ ጥግ የተያዘ ሆኖበት መሀል ላይ ገባ፤ የታመመው ትከሻው ወደ ውጭ፣ ሰው ወደሚወጣበትና ወደሚገባበት ሆነ። ቀቢው በቀኙ ተቀመጠ። በመጀመሪያው ፌርማታ ጆንያ የተሸከመ ሰውዬ ሲገባ ቀቢው ክንዱን ዘርግቶ የፊተኛውን ወንበር ጀርባ ያዘ። ክንዱ በጋሽ ሚሊና በሰዉ መካከል እንደ አጥር ቆመ።

"ቀስ በል ወንድሜ፣" አለ ለጆንያው ባለቤት፣ "ትከሻ አለ እዚህ።"

"የማን ትከሻ?"

"የጋሼ።"

ሰውዬው ጆንያውን ወደ ሌላ ጎን አዞረ። መንገዱ ዝግ ነበር፤ መኪናው ትንሽ እየሄደ ብዙ ይቆማል። ሰው ወረደ፣ ሰው ገባ። የቀቢው ክንድ ቆይቶ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

"አውርደው በቃ፣" አለ ጋሽ ሚሊ ወደ ፊት እያየ። "ደክሞሃል።"

"አልደከመኝም። እኔ ጣሪያ የምቀባ ሰው ነኝ እኮ ጋሼ።"

"ይንቀጠቀጣል።"

"መኪናው ነው።"

ሴትየዋ ዞር ብላ ልታያቸው አሰበችና ተወችው፤ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ቀጣዩ ፌርማታ የእነሱ ነበር። የሰፈሩ ሱቆች ማለፍ ጀመሩ፤ ሦስቱም አዩአቸው። "ወራጅ አለ" ያለ ግን ማንም አልነበረም።